በግንቡ ውስጥ ማን ያውቅ ነበር?

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ብዙ ዓመት ሳልረግጠው የቆየሁትን የአፄ ፋሲልን ግንብ ለማየት ሄድሁ። የጎንደር ልጅ በግንቡ አጥር ጥግ እየተመላለሰ ያድጋል እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባው እንግዳ ሲመጣበት ብቻ ነው። እኔን ግን የወሰደኝ እንግዳ አልነበረም፤ ክረምቱን ሙሉ ሳነባቸው የከረምኋቸው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ናቸው። አንድ ጥያቄ እረፍት ነስቶኝ ነበር፦ በዚህ ግቢ ውስጥ በአንድ ሌሊት ሰው ቢገደል፣ በሮቹም እስኪነጋ ድረስ ባይከፈቱ፣ የሚጠረጠሩት እነማን ይሆኑ ነበር?

አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በሮቹም 12 ናቸው። ፊት በር፣ ወንበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እንቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እልፍኝ በር፣ ራስ በር እያልሁ በየስማቸው ስጠራቸው፣ ስሞቹ ራሳቸው የተጠርጣሪዎች መዝገብ መስለው ታዩኝ። ዳኛው፣ እንቢልታ ነፊው፣ የፈረሶቹ አለቃ፣ ራሱ፣ ሁሉም በር አላቸው፤ በርም ያለው ሰው በር ጠባቂ አለው፣ በር ጠባቂም ዓይን አለው። ይህን እያሰብሁ ሳለሁ ዘበኛው ሰዓቱ መድረሱን ተናገረ። በግቢው ውስጥ የቀረነው ሰባት ሰዎች ነበርን፤ አንድ በአንድ እያየ አስወጣንና በሩን ዘጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር መጻፍ እፈልግ ነበር።

የዝግ ግቢ ግድያ ብዬ የምጠራው የልብ ወለድ ዓይነት በአንድ ውል ላይ የቆመ ነው። ደራሲው ለአንባቢው፣ ገዳዩ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው፣ ከውጭ የገባ የለም፣ ከመካከላቸውም የወጣ የለም ብሎ ቃል ይገባለታል። አጋታ ክሪስቲ በ1934 በበረዶ መንገዱ የተዘጋበትን ባቡር፣ በ1939 ደግሞ አሥር ሰዎች የተሰበሰቡባትን ደሴት የመረጠችው ለዚህ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ፣ የጎንደር ነገሥታትንም ጭምር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት እንዲመች ነው።) ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 ለእነዚህ ድርሰቶች አሥር ሕጎች አውጥቶላቸው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ገዳዩ በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መነሣት እንዳለበት፣ መፍትሔው ከመንፈስ ወይም ከተአምር ሊመጣ እንደማይችል፣ ከአንድ የሚበልጥ የምስጢር መተላለፊያም እንደማይፈቀድ የሚናገሩት ይገኙባቸዋል። ሕጎቹን ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ሕግ ያያቸዋል። እኔ ግን በውስጣቸው አንድ የጨዋነት ስሜት አነባለሁ፤ አንባቢን ማደናገር ይፈቀዳል፣ መዋሸት ግን ነውር ነው የሚል ስሜት።

ይህ የተዘጋ ግቢ ወደ ጥንት ዘመን ሲወሰድ ሌላ ጥልቀት ያገኛል። ክሪስቲ ራሷ በ1944 ያሳተመችው አንድ ልብ ወለድ የሚፈጸመው ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ፣ በአንድ ባለጸጋ የካህን ቤተሰብ ውስጥ ነው። የታሪኩ መነሻ ሄቃናኽት የተባለ ሰው ስለ እርሻው፣ ስለ እህሉና ስለ ቤተሰቡ ጭቅጭቅ የጻፋቸው፣ በቁፋሮ የተገኙ እውነተኛ ደብዳቤዎች ናቸው። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ የዘመን ታሪክ መርማሪ ልብ ወለድ ጉልበት የሚያገኘው ከፈርዖኖች ወርቅ ሳይሆን፣ ማን ስንት ቁና እህል ይሰፈርለት ከሚለው የቤት ውስጥ ቅሬታ ነውና። ኡምቤርቶ ኤኮም በ1980 ያወጣውን ልብ ወለድ በ1327 በአንድ የጣሊያን ገዳም ውስጥ ሲያስቀምጠው፣ ሰባቱን ቀናት በገዳሙ የጸሎት ሰዓታት ከፋፍሎ ነው የተረከው። በሩን የዘጋው በድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በሥርዓትም ጭምር ነው።

ብዙዎቹ ግን እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ደራሲው የዛሬን ሰው የጥንት ሸማ አልብሶ ያመጣውና፣ እንደ ዛሬ ሐኪም አስከሬን እያገላበጠ፣ እንደ ዛሬ ፖሊስ ቃል እየተቀበለ፣ በሰዓትና በደቂቃ እየቆጠረ ያስመረምረዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሳነብ አዝናለሁ፤ ደራሲው ዘመኑን እንደ መጋረጃ ሰቀለው እንጂ አልገባበትምና። በዘመኑ ሰው ነገርን የሚያውቅበት የራሱ መንገድ ነበረው፤ ምርመራው መሠራት ያለበት በዚያ መንገድ ነው።

ሰዓትን ብቻ እንውሰድ። የምርመራ ልብ ወለድ ግማሽ አካሉ «በዚያ ሰዓት የት ነበርህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ይህ ጥያቄ እንዴት ይመለስ ነበር? ቀን ከሆነ ሰው የራሱን ጥላ በእግሩ ለክቶ ሰዓቱን ያውቃል፤ ደመና ከሆነ ግን ጥላ የለም፤ በጎንደር ክረምት ደግሞ ደመና የሌለበት ቀን ጥቂት ነው። ሌሊት ከሆነ የዶሮ ጩኸት አለ፤ ከዶሮው በላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሰዓታት የሚቆምበት፣ ማኅሌት የሚጀመርበት፣ ኪዳን የሚደርስበት ጊዜ የታወቀ ነውና፣ «ማኅሌቱ ሲጀመር በግምጃ ቤት ማርያም ቆሜ ነበር» ያለ ደብተራ አርባ ምስክር አለው። ነገር ግን በመቋሚያ ተደግፎ በጨለማ ከቆመው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ለአንድ መዝሙር ያህል ቢጎድል ማን ያስተውላል? ከዚህ የተሻለ የምርመራ እንቆቅልሽ ያለው የባቡር ሰሌዳ አላውቅም።

መርዝም እንዲሁ ነው። በንጉሥ ግብር ላይ መርዝ መስጠት ከባድ ነበር፤ ጠጅ አሳላፊው ከማቅረቡ በፊት ከጠጁ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ንጉሡም ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው የሚበላው። ደራሲ ይህን ሲያይ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም፤ የሚቀምስለት ሰው የሌለው አንድ መጠጥ አለና፣ እርሱም መድኃኒት ነው። በዚያ ዘመን ኮሶ ያልጠጣ ሰው አልነበረም፤ ኮሶ የጠጣ ሰውም ያን ዕለት ከሰው ተለይቶ ይውላል፣ እንግዳ አይቀበልም። ጌታ በራሱ ፈቃድ በሩን ዘግቶ፣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ተብሎ ሰው የሚመለስበት ቀን! ኮሶው ራሱ ሲበዛ ይጎዳል። የጠየቀ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል፣ ማንም አይገባም፣ እስከ ማታም ማንም አይጨነቅም። የእንግሊዝ ደራሲዎች በቁልፍና በመቀርቀሪያ የደከሙበትን የተዘጋ ክፍል፣ የእኛ ባህል ያለ ቁልፍ ሠርቶ አስቀምጦታል።

ይሁንና ቴክኒኩ ሁሉ ተሟልቶ፣ ታሪኩ የጎንደር ታሪክ ላይሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሮበርት ቫን ጉሊክ ስለተባለው የኔዘርላንድ ዲፕሎማት ካነበብሁ በኋላ ነው። እርሱ በ1949 ዲ ስለተባለው የታንግ ዘመን ዳኛ የተጻፈ የቻይናን ጥንታዊ የምርመራ ታሪክ ተርጉሞ አሳተመ፤ ከዚያም በዚያው ዳኛ ላይ የራሱን ልብ ወለዶች ጻፈ። ዳኛው ዲ ሬንጂዬ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእውነት የኖረ ሹም ነው። ቫን ጉሊክ እንዳስገነዘበው፣ በጥንቶቹ የቻይና ታሪኮች ገዳዩ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ አንባቢው የሚከታተለው ዳኛው እንዴት እንደሚደርስበት ነው። እንግዲህ «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ብቸኛ በር አይደለም ማለት ነው። ለእኛስ በራችን የትኛው ነው?

የጎንደርን ዘመን ሞቶች በተርታ ላስቀምጣቸው። ታላቁ አፄ ኢያሱ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ከነገሠ በኋላ በ1706 በጣና ደሴት ላይ ተገደሉ። ሕዝብ «እርጉም» ያለው ያ ልጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1708 ለአደን እንደወጣ በሰይፍ ተወጋ። የአፄ ኢያሱ ወንድም አፄ ቴዎፍሎስ ሲነግሡ የወንድማቸውን ገዳዮች አሳደው ያዙ፤ የሟቹን ልጅ የወለደችው መለኮታዊትም ተሰቀለች። በግቢው ውስጥ የዘፈን ቤት አሠርተዋል የሚባሉት አፄ ዳዊት በ1721 በመርዝ እንደሞቱ ይነገራል። አፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ታንቀው ሞቱ፤ በእርሳቸው ፋንታ የተቀመጡት ሽማግሌው አፄ ዮሐንስ ያው ዓመት ሳያልቅ በመርዝ አለፉ። ይህ ሁሉ በአንድ ዘውድ ዙሪያ፣ በ63 ዓመታት ውስጥ የተፈጸመ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ገዳዩ ጭራሽ ያልታወቀበት ሞት የትኛው ነው? ምናልባት አንድም የለም። በጣና ደሴት ላይ ማን እንደተኮሰ ታውቋል፤ ማን እንደላከውም ታውቋል። ያልታወቀው፣ ዜና መዋዕሉም የማይነግረን፣ ታንኳውን የቀዘፈው ሰው ምን ያህል ያውቅ እንደነበር፣ የደሴቲቱ መነኮሳት የመጡትን ሰዎች ሲያዩ ስለ ምን ዝም እንዳሉ፣ በግቢው ውስጥ ያን ጠዋት ንስሐ የገባ ሰው እንደነበረና እንዳልነበረ ነው። በተዘጋ ግቢ ውስጥ ምስጢር የለም፤ ዝምታ ነው ያለው። ለእኔ የጎንደር የምርመራ ልብ ወለድ ጥያቄ «ማን ገደለ?» ሳይሆን «ማን ያውቅ ነበር?» መሆን አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከግንቡ ይልቅ የሚስማማ ቦታ አለን፤ ወኅኒ አምባ። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የመንገሥ ዕድል ያላቸው የንጉሥ ዘሮች ዙሪያው ገደል በሆነው በዚህ አምባ ላይ እየተጠበቁ ይኖሩ ነበር። (እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለው ከዚያ ወርሰን ነው።) ንጉሥ ሲሞት መልእክተኞች መጥተው አንዱን መርጠው ያወርዱታል፤ የቀሩት እዚያው ይቀራሉ። የንጉሥ ሞት ከጎንደር ተሰምቶ መልእክተኞቹ ግን ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ያለችውን አንዲት ሌሊት አስቡ። በአምባው ላይ ያሉት ወንድማማቾች፣ አጎቶችና የአጎት ልጆች ናቸው፤ ጠዋት አንዱ ንጉሥ ይሆናል፤ ጠዋት አንዱ ሞቶ ተገኘ። መውጫው አንድ ነው፣ ጠባቂው ያውቀዋል። የሟቹ ሞት የጠቀመው ሰው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ዘውድ ሊጭን ነው፤ ያን ጊዜ ስሙን የሚጠራ ማን ነው? ደሴትም ባቡርም ይህን ያህል አይዘጉም፤ ባቡሩ በረዶው ሲቀልጥ ይሄዳል፣ የወኅኒ በር ሲከፈት ግን ተጠርጣሪው ራሱ ዳኛ ሆኖ ነው የሚወጣው።

መርማሪው ማን ይሁን የሚለው ብዙ አስጨንቆኛል። ቀላሉ መንገድ የውጭ አገር ሐኪም ማምጣት ነው፤ ፈረንሳዊው ፖንሴ በ1699 አፄ ኢያሱን ሊያክም መጥቷል፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ጎንደር ገብቷል። እንግዳ ሰው ሁሉን ስለሚጠይቅ፣ ለአንባቢም ሁሉን ማስረዳት ይቻላል። እኔ ግን ይህን አልፈልገውም፤ እንግዳው ማን እንደሚዋሽ ሊያውቅ ይችላል፣ ማን ለምን ዝም እንዳለ ግን አያውቅም። የነፍስ አባት ቢሆን ከሁሉ ይበልጥ ያውቃል፤ ነገር ግን በንስሐ የሰማውን ለማንም ሊገልጥ አይችልም፤ እያወቀ የሚመረምር፣ ያወቀውንም የሚውጥ መርማሪ ይሆናል፤ ይህ ለአንድ መጽሐፍ የሚበቃ ሥቃይ ነው። ሌላው ጸሐፌ ትእዛዝ ነው፤ የሆነውን ሁሉ የሚሰማ፣ የሚጻፈውን ግን የሚመርጥ ሰው። ዜና መዋዕል ጌታ ያለው ምስክር ነውና፣ በብራናው ላይ ያልሰፈረውን መስመር የሚያነብ ተመራማሪ ዛሬም ያስፈልገናል። አፄ በካፋም አሉ፤ ሰው እንዳያውቃቸው ልብሳቸውን ለውጠው በሕዝቡ መካከል እየዞሩ የአገሩን ነገር ይሰሙ ነበር ይባላል። ራሳቸውም ከመንገሣቸው በፊት በወኅኒ ታስረው ነበርና፣ ስለ አምባው ዝምታ ከእርሳቸው የሚበልጥ የሚያውቅ ሊኖር አይችልም።

መርማሪ ባይኖርስ? አገራችን ያለ መርማሪ የምትመረምርበት ሥርዓት ነበራት፤ አውጫጭኝ። በሸዋ አፈርሳታ ይሉታል። ሰው ሞቶ፣ ከብት ጠፍቶ ወይም ቤት ተቃጥሎ ያደረገው ሰው ካልታወቀ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ሊናገር ይምላል። በግልጽ መናገር የሚፈራ ደግሞ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ይናገራል፤ ሽማግሌውም የሰማው ከወፍ እንደሆነ አድርጎ ያቀርበዋል፤ የተናጋሪው ስም አይወጣም። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሬው በሙሉ ይከፍላል። እንግዲህ የዝግ ግቢ ግድያ ከውጭ የመጣብን ነገር ነው የሚሉኝን ወዳጆቼን ይህን አስቡ እላቸዋለሁ። የእኛ አባቶች ክበቡን የሚዘጉት በበረዶ አልነበረም፤ በመሐላ ነበር። የሚፈልጉትም የእጅ አሻራ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ሰው አፍ ነበር።

ደግሞም መሳሳት ከባድ ነበር። የተገኘው ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል፤ ወይ ይገድሉታል ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይታረቁታል። ስሙ በስሕተት የተጠራ ሰው ቢሞት፣ በማግሥቱ ሌላ ደመኛ ይወለዳል። በእንግሊዞቹ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ መርማሪው ሁሉንም ሰብስቦ በጣቱ ሲያመለክት አንባቢ ይረካል። በጎንደር ሜዳ ላይ ጣቱን የሚዘረጋ ሽማግሌ ግን የልጆቹን ዕድሜ ነው የሚዘረጋው። ልብ ወለዱን የሚጽፍ ሰው ይህን ክብደት በእያንዳንዱ ገጽ ካልተሸከመው፣ ታሪኩ በጎንደር ስም የተጻፈ የሌላ አገር ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

አውጫጭኝን መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው። ልጅ ሳለች በደምቢያ በተወለደችበት መንደር የአንድ ሰው የጤፍ ክምር በሌሊት ተቃጠለ። አውጫጭኝ ተጠርቶ ወንዶቹ ሦስት ቀን ከሜዳው አልተመለሱም፤ ሴቶቹና ልጆቹ ስንቅ እያመላለሱ ዋሉ። እርሷም ለአባቷ ዳቤ ይዛ ሄዳ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠው እንደነበር ታስታውሳለች። ሁሉም ማለ፣ ማንም አልተናገረም፣ ወፍም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ክምሩ ተገምቶ ለመንደሩ ተከፋፈለ፤ የአባቷ ድርሻ አንዲት ፍየል ሆነ።

ይህን ከነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ በጀመርሁበት ሰሞን፣ ቡና እያፈላች ሳለ ጠየቅኋት።

«እማማ፣ ያን ክምር ያቃጠለው ሰው ሳይታወቅ ቀረ ማለት ነው?»

«ምን ሳይታወቅ ይቀራል ልጄ፤ እኔ እንኳ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነበር?»

ጀበናውን አንሥታ ሁለተኛውን ቀዳች፣ ሲኒዬንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። «ልጆቹ አሉ እኮ» አለችኝ።